ቅጠል እያለው ለምን ይለምናል?

(አራት ኪሎ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለተሰበሰቡ ሰዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል ያልኩትን ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ከተጠየቅሁት ውስጥም ሁለቱን አስገብቻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደፊት ጠጋ በሉ፤ የማሳያችሁ ነገር ከሩቅ አይታይም።

ይህን ቅርንጫፍ ያመጣሁት ከቀበና ነው። እህቴ ግቢ ካለ የኮክ ዛፍ ቆርጬ፣ በማዳበሪያ ጠቅልዬ ታክሲ ውስጥ ልገባ ስል ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ዛፉም ይከፍላል» አለኝ። ሳቅሁ፤ ከፈልኩም። መንገድ ላይ ግን አሰብኩት። ማዳበሪያው ውስጥ ያሉት ሁለት ተክሎች ናቸው፣ ሒሳብ የተጠየቀው ለአንድ ነው። ሁለተኛው እንደ ልማዱ በነጻ ተሳፍሯል።

እዩት እስቲ። ይህ ቀጭን፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የሆነው ቅጠል የኮኩ ነው። ይህ ወፍራም፣ ሲነኩት እንደ ቆዳ የሚሆነው የተቀጽላው ነው። አበባው ቀይ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ለወፍ ምንቃር የተሰፋ ይመስላል። መጋጠሚያቸው ላይ ቅርንጫፉ እንደ ጭብጥ እጅ አብጧል። ዛሬ ጠዋት እዚህች ላይ በቢላዋ ከፍዬዋለሁ። የኮኩ እንጨት ሲመጣ ሲመጣ ቆይቶ፣ ሌላ መልክ ያለው እንጨት እንደ ሽብልቅ ገብቶበት ታያላችሁ። ያ ሽብልቅ ሀውስቶሪየም ይባላል። ጥገኛ ተክልን ጥገኛ ያሰኘው ይህ አካል ነው። ሐረግ ዛፍ ላይ ስለተጠመጠመ ጥገኛ አይባልም፤ ሰርስሮ ገብቶ ከሌላው ቧንቧ ጋር ቧንቧውን ያልገጠመ ዘመድ እንጂ ጥገኛ አይደለም። አበባ ካላቸው ተክሎች ከመቶ አንዱ ያህል፣ ማለትም ከ4,500 የማያንሱ ዝርያዎች፣ እንዲህ ነው የሚኖሩት። ይህ አኗኗር በተክሎች ታሪክ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ አልተጀመረም፤ 12 ጊዜ ያህል ለየብቻ ተጀምሯል።

ስለ ቃል አንድ ነገር ልበል። በእንግሊዝኛ «ሆስት» የሚሉትን አንዳንድ መጽሐፍ «አስተናጋጅ» ይለዋል። እኔ አስተናጋጅ ሲባል ትሪ የያዘ ሰው ነው የሚታየኝ። ዛሬ «አስጠጊ» እለዋለሁ፤ ጥገኛና አስጠጊ ከአንድ ቃል የወጡ ናቸውና ይግባባሉ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው። ተቀጽላው አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ከሆነ ክሎሮፊል አለው፤ ክሎሮፊል ካለው ትምህርት ቤት ብርሃን አስተጻምሮ ብለን የተማርነውን ይሠራል፤ በፀሐይ ብርሃን፣ ከውኃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ያበጃል። ጓዳው ሙሉ ነው ማለት ነው። ታዲያ ቅጠል እያለው ለምን ይለምናል? «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ለዚህ አይመስልም?

ችግሩ ያለው ከታች ነው። ተቀጽላ አፈር ውስጥ ሥር የለውም። ውኃ የለውም፣ ናይትሮጅን የለውም፣ ማዕድን የለውም። እነዚህን የሚያገኘው ኮኩ ከአፈር ስቦ በዛይለም፣ በውኃ ቧንቧው፣ ወደ ቅጠሉ ከሚልከው ላይ ነው። ውኃ ደግሞ ወደ ደረቀው ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ተቀጽላው ከአስጠጊው ቅጠል ይልቅ የበለጠ የተጠማ መሆን አለበት። የቅጠሉን ቀዳዳዎች በሰፊው ከፍቶ ውኃውን ያተናል። ኮኩ አንድ ባልዲ የሚበቃውን ሥራ እሱ ብዙ ባልዲ አፍስሶ ነው የሚሠራው። ብክነት ይመስላል። ግን በዛይለም የሚመጣው ናይትሮጅን እጅግ ቀጭን ነው፤ እንደ ቀጠነ ሾርባ ማለት ነው፤ ለመጥገብ ብዙ መጠጣት አለበት።

ሾርባው ውስጥ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ዛይለም ውኃ ብቻ ይመስለናል እንጂ አሚኖ አሲድና ሌሎች ካርቦን ያላቸው ቅንጣቶችም ይሄዱበታል። ተቀጽላው ያን ሁሉ ውኃ ሲያሳልፍ የተሠራ ምግብም ይቀርለታል። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ በጥድ ላይ የሚኖር አንድ የተቀጽላ ዝርያ ሲለካ፣ ከአካሉ ካርቦን 62 በመቶው ከጥዱ የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። አረንጓዴ ነው፣ ፀሐይ ላይ ነው፣ ግን ከግማሽ በላይ የሆነው አካሉ የሌላ ሰው ድካም ነው።

እዚህ ላይ የባህል መድኃኒት አዋቂዎቻችንን ላስታውስ። «ተቀጽላ አምጣ» አይሉም፤ «የምኑ ተቀጽላ?» ብለው ይጠይቃሉ። የብሳናው ከግራሩ፣ የግራሩ ከቡናው ይለይባቸዋል። መድኃኒትነቱን እኔ አልመሰክርም፤ ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጥገኛ ተክል ከአስጠጊው ውኃና ስኳር ብቻ አይደለም የሚወስደው። ካስቲሌያ የተባለ የአሜሪካ ጥገኛ ተክል ግብጦ ላይ ሲጠጋ የግብጦውን መራራ አልካሎይድ ወስዶ የራሱ መከላከያ ያደርገዋል። ሌላ ላይ ሲጠጋ ያ መራራ ነገር አይኖረውም። አንድ ተክል፣ ሁለት ኬሚስትሪ።

አሁን ወደ ሞተሩ ልግባ። ስኳር ብቻውን ጉልበት አይደለም፤ ማይቶኮንድሪያ በሚባለው የሕዋሱ ምድጃ ውስጥ ተቃጥሎ ኤቲፒ፣ ማለትም ሕዋሱ ለሥራው የሚመነዝረው ጉልበት፣ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይህን ለማስረዳት ሮቶ ይበቃል። ፓምፑ ውኃውን ሰገነት ላይ ወዳለው ሮቶ ይገፋል፤ ውኃው ተመልሶ ሲወርድ ሥራ ይሠራል። ማይቶኮንድሪያ የሚገፋው ውኃ ሳይሆን ፕሮቶን ነው፤ ሲወርድም ኤቲፒ የሚሠራውን ዘዋሪ ያሽከረክራል። የሚገፉት ፓምፖች ሦስት ናቸው። ከስኳር የተገኘ አንድ የኤሌክትሮን ጭነት በሦስቱ ውስጥ ሲያልፍ 10 ፕሮቶን ይገፋል፤ የመጀመሪያው ፓምፕ 4፣ ቀጣዩ 4፣ የመጨረሻው 2። የመጀመሪያው ኮምፕሌክስ አንድ ይባላል። ትልቁ ማሽን እሱ ነው፤ ከሰው እስከ ጎመን ሁሉም አለው።

ቪስከም የሚባለው የተቀጽላ ወገን የለውም! እ.ኤ.አ. በ2015 የዘረመል ካርታው ሲነበብ የዚህ ፓምፕ መመሪያዎች ከማይቶኮንድሪያው ጠፍተዋል። ምናልባት ወደ ኒውክሊየስ፣ ወደ ሕዋሱ ዋና የዘረመል ማኅደር፣ ተዛውረው ይሆናል ተባለ፤ ተክሎች እንዲህ ያለ ዝውውር ያውቃሉና። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ ጀርመን ሃኖቨር፣ አንዱ እንግሊዝ ኖርዊች፣ ማይቶኮንድሪያውን ራሱን አውጥተው ፈተሹ። ማሽኑ በቦታው የለም። የዳቦ እርሾም ይህ ፓምፕ የለውም፤ እርሾ ግን ባለ አንድ ሕዋስ ነው። ብዙ ሕዋስ ካላቸው ፍጥረታት ያለዚህ ፓምፕ ሲኖር የታየ የመጀመሪያው ቪስከም ነው። ኤሌክትሮኖቹን ፕሮቶን በማይገፋ ሌላ በር ያስገባቸዋል፤ 4ቱን ከ10ሩ እዚያው ያጣል ማለት ነው። ከማይቶኮንድሪያ ውጪ በሚደረገው የስኳር ስበራም የበለጠ ይጠቀማል። እጄ ላይ ያለው የእህቴ ተቀጽላ ከሌላ ቤተሰብ ስለሆነ ይህን ጉድ አላሸክመውም፤ ቪስከም ግን እኛም አገር አለ። በእኔ ግምት ይህን ኪሳራ የቻለው ነዳጁን የሚሞላለት ሌላ ስለሆነ ነው። የራሱን ቤንዚን የሚገዛ ሰው እንዲህ ያለ መኪና አይነዳም።

ሁለተኛውን ተክል ቶሎ ልለፈው፤ ለስሙ ስል ነው የማነሳው። እንጦጦ የወጣችሁ ቀረጥ የሚባለውን ቁጥቋጦ ታውቁት ይሆናል፤ ቆዳ ለማልፋት የሚጠቀሙበት። ማንም ጥገኛ ነው ብሎ አይጠረጥረውም፤ ራሱን ችሎ ከመሬት የበቀለ፣ ቅጠሉ ለምለም ነው። ከአፈር በታች ግን ሥሩ የጎረቤቶቹን ሥር እየነካካ ትንሽ ትንሽ ይሰበስባል። ስሙ ከጉምሩኩ ቀረጥ ጋር መግጠሙ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው ቀልድ የለውም። ይህን ብልቃጥ ላዙርላችሁ፤ ክዳኑን ግን ማንም እንዳይከፍተው። ውስጡ ያለው የተፈጨ ቡና የሚመስል ብናኝ የአቀንጭራ ዘር ነው። ጤፍ ትንሽ ናት ትላላችሁ አይደል? አንዲት የጤፍ ፍሬ ከእነዚህ ከሃምሳ በላይ ትመዝናለች። አንዲት አቀንጭራ እንዲህ ያለ ዘር በአስር ሺዎች ትረጫለች፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይጠብቃል። ይህን ያህል ትንሽ ስለሆነ ስንቅ የለውም። ከበቀለ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት፣ የማሽላ ወይም የበቆሎ ሥር ካላገኘ ይሞታል። ስለዚህ ዝም ብሎ አይበቅልም። ሥሩ ራሱ የሚያወጣውን ስትሪጎላክቶን የሚባል ኬሚካል እስኪሸተው ይጠብቃል። ማሽላው ያንን የሚያወጣው ለጠላቱ ብሎ አይደለም፤ ፎስፈረስ የሚያመጡለትን የአፈር ሻጋታዎች ሊጠራበት ነው። አፈሩ በደኸየ ቁጥር ጥሪው ይጨምራል፤ አቀንጭራም ያንኑ ጥሪ ሰምታ ትመጣለች። የደከመ መሬት ላይ ለምን እንደምትበረታ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከዚያ ለሳምንታት ከመሬት በታች ናት፤ ብርሃን የለም፣ አረንጓዴም አይደለችም፤ የምትበላው በሙሉ የማሽላው ነው። ብቅ ስትል ደግሞ አረንጓዴ ቅጠል አውጥታ፣ ሐምራዊ አበባዋን አብባ፣ እውነት እላችኋለሁ ታምራለች። ያኔስ ራሷን ችላለች? ይህ የተመለሰበት መንገድ በጣም ስለምወደው ትንሽ ልቆይበት።

ካርቦን በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀላሉ 12 እና ከመቶ አንዱ ያህል የሆነው ከባዱ 13። አብዛኛው ተክል አየሩን ሲወስድ ከባዱን ይንቃል። ማሽላ፣ በቆሎና ጤፍ ግን ሲ-ፎር በሚባል ሌላ ስልት ስለሚሠሩ ያን ያህል አይመርጡም፤ ስለዚህ አካላቸው ውስጥ ከባዱ ካርቦን በርከት ይላል። አቀንጭራ ሲ-ፎር አይደለችም፤ በራሷ ቅጠል የሠራችው ስኳር ከባዱ ያነሰበት ነው። እንግዲህ የአቀንጭራዋን ቅጠል ወስዶ የሁለቱን ካርቦን መጠን መለካት ነው። የራሷን ብቻ የምትበላ ከሆነ ቁጥሩ የሷ ይሆናል፤ ከማሽላው ከበላች ቁጥሩ ወደ ማሽላው ይጠጋል። ሌባዋ የሰረቀችውን ለብሳው ነው የቆመችው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሲለካ፣ አረንጓዴ ሆና ከቆመች በኋላም ከካርቦኗ ሢሶ ገደማው የማሽላው ነበር። የራሷ ብርሃን አስተጻምሮ ደካማ፣ የምታቃጥለው ስኳር ግን ብዙ ስለሆነ የቀን ገቢዋ ወጪዋን አይሸፍንላትም።

ሢሶ ከባድ ግብር ነው። ግን ገበሬው የሚያጣውን ያህል አይደለም፤ ማሽላው ከሢሶ በላይ ነው የሚጎዳው፣ አንዳንድ ማሳ ጭራሽ ምንም አይሰጥም። ቀሪው የት ሄደ? እ.ኤ.አ. በ1989 የዚህ ሒሳብ ተሠራ። ከጠፋው እድገት አምስት እጅ ቢባል በአቀንጭራዋ የተወሰደው ካርቦን አንዱ እጅ ያህል ነው። አራቱ እጅ የጠፋው ማሽላው ራሱ መሥራት ስላቆመ ነው፤ የራሱ ብርሃን አስተጻምሮ ወርዷል። ድርቅ የመታው ተክል የሚያመነጨው አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን አለ፤ «ቀዳዳ ዝጉ» የሚል ትእዛዝ ነው። የተያዘው ማሽላ ውስጥ ይህ ይበዛል፤ ቅጠሉ ይዘጋል፤ ቀዳዳው ሲዘጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድም አይገባም። አቀንጭራዋ ግን ትእዛዙን አትሰማም። እ.ኤ.አ. በ2019 የጃፓን ተመራማሪዎች ምክንያቱን አገኙት። ትእዛዙን የሚቀበለው መስመር ላይ ያለች አንዲት ፕሮቲን ስለተለወጠች መልእክቱ አይደርስም። ማሽላው ጠውልጎ ቀዳዳውን ሲዘጋ እሷ ከፍታ ትጠጣለች።

አሁን ስሟን ስሙት። አቀንጭራ። ሌባ አላሏትም፣ ጥገኛ አላሏትም። ጤና ጣቢያ የሕፃን እድገት ሲለካ «መቀንጨር» የሚባለው ቃል ነው። የምታቀነጭር፣ የምታጫጭ ማለት ነው። ማሽላ ያረሱ ሰዎች፣ ጉዳቱ ከመስረቅ ይልቅ ማቀንጨር መሆኑን ካርቦን ሳይለኩ በስሟ ውስጥ አስቀምጠውታል። «ጥገኛ» የሚለው የእኛ የክፍል ቃል እዚህ ላይ ደካማ ነው ባይ ነኝ።

መድኃኒቱንም ያገኘው የዚያው ምድር ልጅ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወሎንኮሚ የተወለዱት፣ ጥሪውን የሚቀንስ ማሽላ ፈልገው አዳቀሉ፤ ዘሩ ካልተጠራ አይነሳምና። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት የተሰጣቸው በዚህ ሥራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ከአንዱ መከላከያ ጀርባ ያለው ዘረመል ታወቀ፤ እሱ ሲጎድል ማሽላው የሚያወጣው የስትሪጎላክቶን ዓይነት ይለወጣል፤ ሻጋታው ሲሰማው አቀንጭራ አይገባትም።

አረንጓዴነቱን ፈጽሞ የጣለውስ? ደቡብ ወሎ የባቄላ ማሳ ላይ የሚወጣው ኦሮባንኬ ከላይ እስከ ታች ገረጣ ያለ ነው፤ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ የለውም። እንዲህ ያለው ተክል ክሎሮፕላስት፣ ማለትም ክሎሮፊሉ የሚቀመጥበት የሕዋስ ክፍል፣ ለምን ያስፈልገዋል? አያስፈልገውም ብላችሁ ትገምታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 የኦሮባንኬ ዘመድ የሆነ ኤፒፋገስ የሚባል የአሜሪካ ተክል ተነበበ። ክሎሮፕላስትና አረንጓዴ ያልሆኑት ዘመዶቹ በአንድነት ፕላስቲድ ይባላሉ፤ የራሳቸው የዘረመል ጽሑፍ አላቸው። የትምባሆ ፕላስቲድ 156 ሺህ ገደማ ፊደል አለው፤ የዚህኛው 70,028 ብቻ። የብርሃን አስተጻምሮ ዘረመሎች በሙሉ ወጥተዋል። 42 ዘረመሎች ግን ቀርተዋል፤ ይሠራሉም። ቤቱን ለቅቆ የሄደ አከራይ ቆጣሪው እዚያው ግድግዳ ላይ ስለሆነ በየወሩ እንደሚመለሰው ነው። ፕላስቲድ ስኳር ብቻ አልነበረም የሚሠራው። የቅባት አሲድ የሚጀመረው እዚያ ነው። ሂም የሚባለው፣ ማይቶኮንድሪያ ለመተንፈስ የሚፈልገው ብረት ያዥ ቅንጣትም የሚጀመረው እዚያ ነው። ብርሃን ባትበሉም መተንፈስ አለባችሁ፤ ለመተንፈስ ቆጣሪው ያስፈልጋል።

የሄዱበት ድረስ የሄዱም አሉ። ፒሎስታይለስ ኤቲዮፒካ 11 ሺህ ፊደል ገደማና አምስት ዘረመል ብቻ ቀርቶታል። ስሙ አያታልላችሁ፤ የደቡባዊ አፍሪካ ተክል ነው፤ የድሮ ፈረንጅ አፍሪካን ሁሉ ኢትዮጵያ ይል ነበር። የኛዋ ሃይድኖራ አቢሲኒካ ናት፤ ግራር ሥር ተቀብራ የምትኖር፣ አበባዋን ብቻ ከመሬት የምታወጣ፣ እሱም የሚገማ። የዓለምን ትልቁን አበባ የምታወጣው ራፍሌዥያ ዘመድ ሳፕሪያ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ስትነበብ የፕላስቲድ ዘረመሏ በሙሉ ጠፍቶ ተገኘ። ቆጣሪውንም ነቅላለች።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

አንድ ተማሪ፦ «መምህር፣ አስጠጊው ሲሞት ተቀጽላው አብሮ ይሞታል?»

ይሞታል። ለዚህ ነው ተቀጽላ አብዛኛውን ጊዜ የማይቸኩለው። አቀንጭራ ግን ክረምቱን ብቻ ነው የምትፈልገው፤ ዘሯን ከረጨች በኋላ የማሽላው ሞት አያስጨንቃትም።

አንዲት እናት ከፊት ወንበር ተነሡ። «እኔ ግቢ ያለው ኮክ ላይ በየዓመቱ እቆርጠዋለሁ፤ በየዓመቱ ይመለሳል። ቅጠሉን ስቆርጥ ለምን አይሞትም?»

«እማማ፣ የሚቆርጡት የወጣውን ነው» አልኳቸው። «ሽብልቁ እንጨቱ ውስጥ አለ። ፍሬ ሳይዝ፣ ወፍ ሳይደርስበት፣ ከእብጠቱ ወደ ግንዱ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ወርደው ቅርንጫፉን ራሱን ይቁረጡት።»

«ግንዱ ላይስ ቢሆን? ግንዱን ልቁረጥ?»

«ግንዱ ላይ ከሆነ ቅጠሉን ሙልጭ አድርገው ይቁረጡና ቦታውን ብርሃን በማያስገባ ጥቁር ላስቲክ ጠቅልለው ይሰሩት። የቱንም ያህል ቢለምን ብርሃን ይፈልጋል። አንድ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ላስቲኩ ሲቀደድ ይቀይሩታል።»

ትንሽ አሰቡና ቦርሳቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ይሄን መጀመሪያ ብትነግረኝ ኖሮ ከገበያ ሰዓቱ ሳያልፍ ላስቲኩን እገዛ ነበር» አሉኝ።